ከአገጬ ሥር የበራው መብራት

ጁነይዲንና እኔን መጀመሪያ ያጣላችን ፀሐይ ናት።

በንጉሡ ዘመን ነው፤ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ወሩ ጥር። አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማችን፣ ከቤታችን ደጅ ሰሌን አንጥፌ በርበሬ ስቀነጥስ፣ ድንገት ፊቴ ላይ ኃይለኛ ብርሃን አረፈብኝ። ደንግጬ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ። በዚያ በርበሬ ሲነካካ በዋለ እጄ! እናንተዬ፣ የዚያን ቀን ያፈሰስኩትን እንባ ለቅሶ ቤት እንኳ አፍስሼው አላውቅም።

«ማነህ አንተ! ዓይኔን ልታጠፋው ነው እንዴ?»

በእንባዬ መሀል አንድ ቀጭን ጠይም ወጣት ታየኝ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተለበጠ ሰፊ ጣውላ ታቅፎ ቆሟል።

«ይቅርታ እህቴ... ፀሐዩን ወደ ጥላው እያቃናሁ ነበር።»

«ፀሐይን የሚያቃናት አላህ ነው! አንተን ደግሞ ማን ሾመህ?»

ሊስቅ ብሎ እንባዬን ሲያይ ተወው። ሮጦ በቅል ውሃ አመጣና ጎንበስ ብሎ አፈሰሰልኝ። «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፤ ዓይንሽን ቀጥሎ...» እያለ ሲንተባተብ ሳላስበው ሳቅሁ። አንድ ዓይኔ እያለቀሰ አንዱ እየሳቀ የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ስሜ ሁሪያ ይባላል።

ከአዲስ አበባ አንድ ላንድሮቨር መጥቶ ነበር፤ ወንዙ ላይ ተቀርቅሮ በበሬ ተጎትቶ ነው አገራችን የገባው። ስለ ጤና የሚያስተምር ፊልም ሊያነሱ ነው ተባለ። አለቃቸው ለሰላምታ እንኳ ባርኔጣውን የማያወልቅ ሰው ስለነበረ ሁላችንም «ባለ ባርኔጣው» እንለዋለን። ጁነይዲ የመብራት ሠራተኛው ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ሲመስለኝ የእዚሁ የአቅራቢያችን ከተማ፣ የወገዳ ሸማኔ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ጓደኞቹ ጎረቤታችን ተሾመች ጠጅ ቤት ይበላሉ። እሱ ግን የእስላም ሥጋ ፈልጎ ወደኛ ቤት መጣ። አባቴ ሼህ ኢሳ የጨውና የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ኮስታራ፣ ቃላቸው የተመጠነ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ለሽምግልና የሚጠራቸው ሰው። እንግዳ ግን አይመልሱም። ስለዚህ ጁነይዲ በየማታው ከአባቴ ገበታ ይቀርባል፤ እኔም እጅ ለማስታጠብ በየማታው እሽቀዳደማለሁ። እናቴ ሀዋ፣ «እጅ ማስታጠብ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የጣፈጠሽ?» እያለች በጓዳ ትቆነጥጠኛለች።

አንድ ማታ ስለ ሥራው ጠየቅሁት።

«ፊልም ላይ የሚናገረው የሰው አፍ ብቻ አይደለም» አለኝ። «ብርሃኑም ይናገራል። በመስኮት ገብቶ ፊትሽን ከጎን ቢነካው፣ ተመልካቹ "ይቺ ልጅ ሰው እየጠበቀች ነው" ይላል። አንቺ ግን እንቅልፍሽ መጥቶ ይሆናል።»

«ከሥር ቢሆንስ?»

ኩራዙን አንስቶ ከአገጩ ሥር ያዘው። ዓይኖቹ ጎደጎዱ፣ ጥርሱ ረዘመ። እናቴ «ቢስሚላህ!» ብላ ወደ ኋላ አለች።

«ዕቃም ይናገራል» ብሎ ቀጠለ። «ቁልፍ የያዘ ሰው የቤቱ ጌታ ነው፤ ዱላ ከያዘ መንገደኛ ነው። ድምፅም እንደዚሁ። ዝናቡን ስትሰሚ፣ ከኋላ ወንፊት ላይ ሽንብራ የሚያንከባልል ሰው አለ።»

«ውሸታሞች ናችኋ!»

«እውነቱ እንዲገባ ብለን ነው የምንዋሸው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን አውቄ!

ሊሄዱ ሲቃረቡ ባለ ባርኔጣው አባቴን አስፈቀደ። «ሴት ልጅ ለእንግዳ የቤቷን ስታቀርብ ማንሳት እንፈልጋለን» አላቸው። የመንግሥት ሥራ ነው ብለው ፈቀዱ፤ ራሳቸውም ቁጭ ብለው ተመለከቱ። እኛ ቤት ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው ብርዝ ነው፤ ያልፈላ፣ የማያሰክር የማር ውሃ። የሚቀርበውም በብርሌ ነው። እናቴ ብርሌዎቿን ከሰርጓ ጀምሮ በጥጥ ጠቅልላ ነው ያኖረቻቸው። አንዱን ሞልቼ ኮራ ብዬ ያዝኩ።

«በሩን ደገፍ በይ» አለኝ ባለ ባርኔጣው። «ብርሌውን ከፍ... እንደሱ። ጁነይዲ፣ መብራቱን ዝቅ። አሁንም ዝቅ። ከአገጯ ሥር!»

ጁነይዲ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ዝቅ አደረገው።

«አሁን ወደ ግራሽ እዪና ፈገግ በይ።»

በግራዬ የቆመው ጁነይዲ ነበር። ፈገግ ለማለት ማዘዣ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ሊሰናበተኝ መጣ።

«ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ እመለሳለሁ» አለኝ። «ፊልሙን ይዤ፣ ሽማግሌም ይዤ።»

«ፊልሙ ቢቀርስ?»

«ሽማግሌው አይቀርም።»

ጠበቅሁት። ወንዙ ሞልቶ እስኪጎድል፣ ጤፉ ተዘርቶ እስኪታጨድ ጠበቅሁት።

ኅዳር ላይ ላንድሮቨሩ ተመለሰ። ዕለቱ አርብ ስለነበር ከስማዳና ከእስቴ የመጣው ገበያተኛ ሳይቀር «ሲኒማ ሳናይ አንሄድም» ብሎ ቀረ። ሁለት ባሕር ዛፍ መሀል ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ። ጁነይዲ ማሽኑን እያዘጋጀ በዓይኑ ብቻ ሰላም አለኝ። አባቴ ከፊት፣ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ አዲስ ሻሽ አስሬ ከጓደኞቼ መሀል ነኝ። «ቆዩ፣ አሁን እኔን ታያላችሁ!» እያልኩ ስንቱን በክርኔ ጎሸምኩት መሰላችሁ!

ሲጨልም ጀመረ። አንድ የማላውቀው ገበሬ በግ ሸጦ ገንዘቡን መቀነቱ ላይ ቋጠረ። መንገድ ላይ ሳለ ማሲንቆ ተሰማ፤ የሴቶች ሳቅ፣ የብርጭቆ መጋጨት። ገበሬው ቆመና ዞረ። ያን ጊዜ እኔ መጣሁ።

በሩን ተደግፌ፣ ብርሌ ይዤ፣ ከሥር በመጣው ብርሃን ዓይኔ ጎድጉዶ ጥርሴ አብረቅርቆ... ፈገግ አልኩለት። ለዚያ ለማላውቀው ሰው! ገበሬው ከንፈሩን ላሰና ገባ። በሩም ተዘጋ። ቀጥሎ እሱ አልጋ ላይ ሲያቃስት፣ ሚስቱ ስታለቅስ ታየ። አንድ ወፍራም ድምፅም፣ «ከእንዲህ ዓይነቷ ሴት በሽታ ሸምተህ ወደ ቤትህ አትግባ!» አለ።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ አንዱ ጮኸ፦ «ይቺ የሼህ ኢሳ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

ምስሌ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ጁነይዲ ዘሎ የማሽኑን መስታወት በመዳፉ ሸፈነው። አቡጀዲው ጨለመ። ማሲንቆው ግን ቀጠለ፤ የሴቶቹም ሳቅ ቀጠለ። ሕዝቡ በጨለማ ያንን እየሰማ የጎደለውን በልቡ ሞላው። ምነው ባልሸፈነው ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

አባቴ ተነሱና ማንንም ሳያዩ ሄዱ። እኔም ሻሼን ፊቴ ላይ ጎትቼ ተከተልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ? እፍረት ልብስ አይደለም፣ አውልቀው አይጥሉት። ወንዝ ስወርድ ጎረምሶቹ ያን የማሲንቆ ዜማ በአፋቸው ይጫወቱልኛል። ሴቶቹ እንስራዬን በማሸከም ፈንታ ዞር ይላሉ። «ብርዝ ነበር'ኮ!» ብላቸው፣ «ብርዝስ ይሁን... ሳቁስ? ማሲንቆውስ?» ይሉኛል። በዓይናቸው አይተዋል፣ በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ምን ብዬ ልከራከር? አባቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ፤ ለሽምግልና ሲጠሯቸው «ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላሉ። ስማቸውን ያጎደፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ራሴን ጠላሁት።

አንድ ቀን ብሶቴ ገንፍሎ፣ «እኔ እንደ ተሾመች ነኝ? እንደዚያች የወንድ ሁሉ መጫወቻ?» እያልኩ እናቴ ላይ ጮህኩ። ተሾመች ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣ ነበር። ምንም አላለች። እርጥብ ነጠላዋን እንደያዘች ቀስ ብላ ገባች። የዚያን ቀን ሌላ እፍረት ተጨመረልኝ፤ ይህኛው ማንም ያልጫነብኝ የራሴ ሥራ ነው።

ጁነይዲ ከመኪናው ጋር አልሄደም ነበር። ባለ ባርኔጣውን «የልጅቷን ምስል ቁረጡልኝ» ብሎ ቢለምነው፣ «ለአገር የሚጠቅም ፊልም ለአንዲት ልጅ ብዬ አላበላሽም» አለው። ጁነይዲም ሥራውን ጥሎ ቀረ። ወደ አጥራችን ሲመጣ ድንጋይ አነሳሁበት።

«ሂድ ከዚህ!»

«ወርውሪው። ይገባኛል።»

«ታውቅ ነበር?»

«የምን ፊልም እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ ወላሂ! የሚቆርጡት የሚቀጥሉት አዲስ አበባ ነው። እኔም ከሕዝቡ ጋር ነው ያየሁት።»

«መብራቱንስ?»

ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር ጭራሮ አነሳ።

«መብራቱንስ ጁነይዲ! ከሥር ሲሆን ሰውን ምን እንደሚያስመስል አንተው አሳይተኸኝ የለ?»

«አውቅ ነበር» አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ደግ ነገር እንዳልሆነ ልቤ ነግሮኛል። ግን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። አለቃዬ አዘዘኝ፣ ዝቅ አደረግሁት። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሰበብ ቢደረድር ኖሮ ድንጋዩን አልምረውም ነበር።

«ያ ፈገግታ...» አልኩ። «ያን ፈገግታዬን ለዚያ ሰካራም ሰጣችሁት!»

«ለማን ነበር?»

«ላንተ ነበራ! አንተ ደንቆሮ!»

ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ። እሱም አጥሩን ይዞ አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ፊቱን ጠረገና፣ «በተበላሸበት መንገድ ነው የሚቃናው» አለ። «በአርብ ቀን፣ በሕዝቡ ፊት። ማሾ ፋኖስ እፈልጋለሁ፤ ማሲንቆ የሚመታ ሰውም።»

ሁለቱም ያሉት ተሾመች ቤት ነው። ሄድኩ። በሯ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ ተሾመች... ይቅር በይኝ።»

«ለምኑ?»

«አጥሩ ሥር ላልኩት።»

ብርሌ እያጠበች ነበር፤ ፊቷን አላዞረችም። «አንቺ ለአንድ ምሽት በዚያ ዓይን ብትታዪ ወንዝ መውረድ አቃተሽ» አለች። «እኔ እንደዚያ ስታይ ዕድሜዬ አለቀ። ሰው ነኝ'ኮ ሁሪያ።»

ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል በክርኖቼ ይዛ አነሳችኝ። «ማሾውን ውሰጂ» አለችኝ። «አዝማሪ ሀይሌንም እልከዋለሁ። እኔም እመጣለሁ።»

በአርቡ፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ጁነይዲ ከነጋዴዎቹ ዳስ ሥር ቆሞ ሕዝቡን ጠራ። ብርሌ ያዘና ማሾውን ከአገጩ ሥር አደረገ። አዝማሪ ሀይሌ ከኋላው ማሲንቆውን ገዘገዘው።

«እዩኝ! ምን እመስላለሁ?»

«አንተማ ምን መምሰል ያስፈልግሃል!» አለ አንዱ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

ልክ ነበሩ። ማንም የማያከብረውን ሰው ቢያከፉት ምን ይታያል? ጁነይዲን ላብ አጠመቀው። ሕዝቡ አህያውን እየነዳ መበተን ጀመረ። በቃ፣ ዳግመኛ ተዋረድን ብዬ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«ቆዩ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አባቴ ነበሩ። በሰዉ መሀል አልፈው መጡ። ጥምጣማቸውን አስተካክለው አንድ በርጩማ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ብርሌውን ወዲህ በል።»

«አባዬ፣ ይተዉት! በእኔ የደረሰው ይበቃል!»

«ዝም በይ ልጄ።»

ከዚያች ምሽት ወዲህ «ልጄ» ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጁነይዲ ማሾውን ከአገጫቸው ሥር ያዘ። ማሲንቆው ተነሳ። አባቴ ብርሌውን አንስተው ተጎነጩ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ፈገግም አሉ። ከዳሱ ጀርባ ተሾመች ጠጅ ቤት የምትስቀውን ሳቅ ሳቀች። ወላሂ፣ አባቴን አላወቅኋቸውም! በዕድሜያቸው መጠጥ ያልቀመሱት ሰው ዓይናቸው ፈዞ፣ ጉንጫቸው ረግቦ፣ ሲሰክሩ ያመሹ ሽማግሌ መሰሉ። የሳቀ የለም። አንድ የአገር ሽማግሌ፣ «ኧረ ሼህ ኢሳ፣ ምን ነካዎት!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ጁነይዲ ምልክት ሰጠ። ማሲንቆው ቆመ፣ ሳቁም ቆመ። ማሾውን ከአባቴ ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው። አባቴ እዚያው ናቸው። ብርሌው እጃቸው ላይ ነው፤ ፈገግታቸውም ያው ነው። አሁን ግን የልጅ ልጆቹን የሚያጫውት አያት ሆነው ቁጭ አሉ።

«የያዝኩት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጠጅ!» አሉ ከመሀል።

«እስቲ ቅመሱት።»

ብርሌው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፊታቸውን አዙረው የነበሩት ሽማግሌ ቀመሱና፣ «ብርዝ ነው...» አሉ ቀስ ብለው።

«ልጄም የያዘችው ይህንኑ ነው» አሉ አባቴ። «ካሜራውን ቤቴ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እዚያው ተቀምጬ እያየሁ፣ መብራቱ ከአገጯ ሥር ሲወርድ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አንገቴን የደፋሁት በእሷ አፍሬ አይደለም፣ በራሴ አፍሬ ነው። ይህንን እንኳ ልነግራት አፈርኩ።» ከበርጩማው ተነሱ። «እፍረቱ የኔ ነው። ከልጄ ላይ አንሱና ለኔ ስጡኝ።»

ሮጬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በአንድ ገበታ ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ያንኑ ሸክም ለየብቻ ተሸክመን ኖረናል! አዝማሪ ሀይሌ ማሲንቆውን መሬት አስቀምጦ «ይቅር በይን» አለኝ። ሌሎችም ተከተሉ። ሁሉም አይደለም፤ ትከሻውን ሰብቆ የሄደም ነበር።

ጁነይዲ ሽማግሌ ላከ። አባቴ አስጠርተው፣ «ወደ መብራትህ ትመለሳለህ?» ሲሉት፣ «የለም፣ ወደ አባቴ ሸማ ነው የምመለሰው» አላቸው። «እሱ ይሻላል» አሉ፤ ሳቃቸውን በጢማቸው ደብቀው። እኔ ግን ቶሎ እሺ አላልኩም። ቂም ይዤ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

«ፊልሙ አሁንም በሌላ አገር እየዞረ ነው» አልኩት። «የማያውቁኝ ሰዎች ሲስቁብኝ፣ ሲሰድቡኝ... እያወቅህ ታገባኛለህ?»

«የሳቀብሽን ሁሉ እየዞርኩ ላስረዳው አልችልም» አለኝ። «ያንን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ። አብሬሽ ማፈር ግን እችላለሁ። ዕድሜ ልኬን።»

ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

እሺ አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ ሰርጋችን በጠራራ ቀትር፣ በአርብ ቀን፣ በገበያው መሀል እንዲያልፍ።

በአገራችን ሙሽራ ተከናንባ፣ ዓይኗን ሰብራ ነው የምትሄደው። ቀና ካለች ነውር ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በቅሎ ላይ ተቀምጬ ገበያው መሀል ስንደርስ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔ ግን ከፊልሙ ምሽት ጀምሮ መሬት መሬት ሳይ ነው የኖርኩት። የአርብ ገበያን ድንጋይ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። የሰዉን ፊት ግን ረስቼው ነበር።

መከናነቢያዬን ገለጥኩና ቀና አልኩ። ጎረምሶቹን አየኋቸው፣ እንስራዬን አናሸክምም ያሉኝን ሴቶች አየኋቸው፣ ሁሉንም ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው።

«ኧረ ይቺስ ሙሽራ አታፍርም!» አለች አንዲት ገበያተኛ ጮክ ብላ።

እውነቷን ነው። አላፈርኩም።